ልብጥና ለበጣ፤ በቁስቋም ስለ ተገፈፈ አንድ የጺም መላጫ የቀረበ ሒስ

በአማርኛ «ለበጠ» ከሚለው ግሥ ሁለት ስሞች ይወጣሉ፤ ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንደኛው ልብጥ ነው፤ ይኸውም እንጨትን ወይም ተራ ብረትን ከእርሱ በሚከብር ማዕድን መሸፈን ነው። በኦሪት ዘጸአት በ25ኛው ምዕራፍ ታቦቱ ከግራር እንጨት ተሠርቶ በውስጥም በውጭም በወርቅ እንዲለበጥ ታዟል፤ በዚያ ስፍራ ልብጥ ክብርን ያመለክታል እንጂ ከማታለል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁለተኛው ለበጣ ነው፤ የለበጣ ሳቅ፣ የለበጣ ምስጋና ሲባል ከላይ የሚታየው በውስጥ ያለውን የሚሸሽግ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ አንድ ሰው ከአያቱ የወረሰውን የተለበጠ ዕቃ አንሥቶ ልብጡን ለመግፈፍ ሲነሣ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም ከእነዚህ ከሁለቱ ትርጕሞች አንዱን መርጧል፤ ሽፋኑን ከክብር ይልቅ ከለበጣ ቈጥሮታል።

ልብጥ መግፈፍ በውጭ አገር፣ በተለይ በአሮጌ የጺም መላጫዎች ረገድ፣ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ሞያ ሆኗል። የቀድሞ መላጫዎችን የሚሰበስቡ ሰዎች የኒኬሉን፣ የብሩን ወይም የወርቁን ልብጥ በአሲድና በኤሌክትሪክ አስለቅቀው፣ ከሥሩ ያለውን ናስ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ወልውለው ይጠቀሙበታል። አንዳንዶቹ እንደ ገና በአዲስ ልብጥ ያሸፍኑታል፤ ሌሎቹ ግን ናሱ ዕርቃኑን መቅረቱን እንደ ውበት ይቈጥሩታል። ከዚህ በታች የሚመረመረው በዚሁ መንገድ የተገፈፈ፣ በጉለሌ በቁስቋም ሰፈር በአንድ ቤተሰብ እጅ የሚገኝ መላጫ ነው። ሒሱ የሚመለከተው ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም፤ የቤተሰቡም ስም ሳይጠቀስ የቀረው ስለዚህ ነው።

ቁስቋም ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ስም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት በግብፅ ከሚገኘው ከቁስቋም ተራራ የመጣ ሲሆን፣ በዓሉ የጽጌ ጾም በተፈጸመ ማግሥት ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። መላጫው ከሣጥን የወጣው ለዚህ በዓል ቤቱ ሲጸዳ፣ የብረትና የናስ ዕቃው ሁሉ በአመድና በሎሚ ሲፈገፈግ ነው። ዕቃው ሦስት ክፍል አለው፤ ምላጩ የሚያርፍበት ሳህን፣ ምላጩን ከላይ የሚጫነው ክዳን፣ ሁለቱን በጥርስ አጥብቆ የሚይዝ እጀታ። ባለቤቱ የነበሩት አዛውንት በቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ወታደር ነበሩ፤ ቤተሰቡ እንደሚናገረውም መላጫውን የተቀበሉት በዚያው በጦር ሜዳ ከአሜሪካኖች ነው። አዛውንቱ ካረፉ በኋላ መላጫው ለልጅ ልጃቸው ደረሰ። ወጣቱም ልብጡን ከመግፈፉ በፊት አንድ ፎቶግራፍ አነሣው፤ የዛሬውን ከቀድሞው ጋር ለማነጻጸር የተቻለው በዚህ ፎቶግራፍ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መላጫ ታሪክ ረጅም አይደለም። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1901 በቦስተን ከተማ ኩባንያ አቋቋመ፤ ዊልያም ኒከርሰን የተባለው መሐንዲስ ስሱን የብረት ምላጭ በብዛት ለመሥራት የሚያስችለውን መንገድ ካገኘለት በኋላም በ1903 ሽያጭ ጀመረ። በዚያ ዓመት የተሸጡት መላጫዎች 51፣ ምላጮቹም 168 ብቻ ነበሩ። በ1904 የፈጠራው መብት ተሰጠው። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ግን ለወታደሮቿ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ቀረበ፤ ወታደሩም ወደ ቤቱ ሲመለስ መላጫውንና ልማዱን ይዞ ተመለሰ። ፋብሪካው የመላጫውን አካል በአብዛኛው የሚሠራው ከናስ ነበር። ናስ ከመዳብና ከዚንክ የተቀላቀለ፣ ለመቅረጽ የሚታዘዝ ማዕድን ነው፤ ይሁን እንጂ እርጥበትና ሳሙና ሲፈራረቁበት ይጠቍራል፣ አረንጓዴ ዝገትም ያወጣል። ስለዚህ በኒኬል፣ አብልጦ ለሚከፍልም ሰው በብር ወይም በወርቅ ይለበጥ ነበር። የልብጡ ውፍረት ከአንዲት የራስ ፀጉር ያነሰ ሲሆን፣ ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አልነበረም፤ የሰውን ፊት ከናሱ፣ ናሱንም ከውሃው የሚለይ ግድግዳ ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ቃሉ ከዕቃው ቀድሞ የነበረ ነው። ምላጭ «ላጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን ቀጥቃጩ በወናፉ እሳት አግሎ፣ በመዶሻ አሳስቶ፣ በድንጋይ ስሎ የሚያወጣውን ስለት ያመለክት ነበር። በሁለት ወገን የተሳለው ስስ ብረት ከውጭ ሲመጣ ይህንኑ ስም ወረሰ፤ የጠመንጃውም መተኰሻ ምላጭ ተብሏል። ዕቃው ከገባ በኋላ የተመደበለት ሥራ ፋብሪካው ካሰበለት እጅግ የሰፋ ነበር። የሐዘንተኛ ራስ ይላጭበታል፤ የሕፃን ራስ ቍንጮ ተትቶለት ይላጭበታል፤ ዋግምት የሚያደርገው ባለ መድኀኒት ቆዳ ይበጣበታል፤ ልብስ ሰፊው ስፌት ይተረትርበታል፤ ተማሪው እርሳስ ይቀርጽበታል። ኤች አይ ቪ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው መዋሉ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ፣ ወደ ፀጉር አስተካካይ የሚሄደው ሰው የራሱን ምላጭ ይዞ እስከ መሄድ ደርሷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ምላጩ ብቻውን፣ በጣት ተይዞ ወይም ከሁለት ተሰብሮ፣ ብዙ ሥራ ሲሠራ ይታያል። ባለ እጀታው መላጫ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አንድ ሰው በየማለዳው በመስተዋት ፊት ቆሞ፣ የገዛ ፊቱን በገዛ እጁ የሚያሰናዳበት የግል ዕቃ ነው።

ይህ የግል ልማድ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የታገሉት አርበኞች በፎቶግራፍ የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ጠጕራቸውን አጎፍረው፣ ጺማቸውን አሳድገው ነው። ከነጻነት በኋላ በዘመናዊ ሥርዓት የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ወታደር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ፀጉሩን አሳጥሮ፣ ጺሙን ተላጭቶ ነው። ከዚሁ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) ኮሪያ ገብቶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ፤ ትጥቁንም ስንቁንም የሚቀበለው ከአሜሪካኖች ነበር። እንግዲህ የቁስቋሙ መላጫ በእውነት ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ ከጎፈሬው አርበኛ ወደ ተላጨው ወታደር የተደረገውን ለውጥ በእጅ ከሚዳሰሱ ምስክሮች አንዱ ነው። ከሌላ ስፍራ የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከብዙ ዓመት በኋላ ከመርካቶ የተገዛ ከሆነ፣ ታሪኩ ሌላ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሊጻፍ የሚገባው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕቃው መቼ ተሠራ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ወጣቱ መላጫውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ካጠበ በኋላ፣ ውሃ በተቀላቀለበት የባትሪ አሲድ ውስጥ ነክሮ ከባትሪ በተወሰደ ኤሌክትሪክ ኒኬሉን አስለቀቀ። ይህ አሠራር የለባጩን ሥራ ገልብጦ እንደ መሥራት ነው። በልብጥ ጊዜ ኒኬሉ ከፈሳሹ ወጥቶ በዕቃው ላይ ያርፋል፤ በመግፈፍ ጊዜ ዕቃው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ስለሚያያዝ ኒኬሉ ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል፣ ፈሳሹም አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ናሱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው እየወረደ ፈገፈገው፤ በመጨረሻም በጨርቅና በመወልወያ ቅባት አብረቀረቀው።

በሞያ ዓይን ሲታይ ሥራው የሚናቅ አይደለም። የክዳኑ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ብርሃን አለው፤ የጭረት ምልክት በቀላሉ አይገኝበትም። የናሱ ቀለም ሞቅ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ከኒኬሉ ቅዝቃዜ ይልቅ ይህን ቢመርጥ አያስገርምም። ነገር ግን ቀረብ ብሎ የሚመለከት ሰው ሦስት ጉድለቶችን ያያል። አንደኛ፣ እጅ እንዳያንሸራትት በእጀታው ላይ የተቀረጹት ጥርሶች ጫፋቸው ዶልዱሟል። ሁለተኛ፣ አሲዱ በቆየበት በመጋጠሚያው አጠገብ ናሱ ወደ ሐምራዊ ቅላት ተለውጧል፤ ይህም አሲዱ ከኒኬሉ አልፎ ናሱን መብላት እንደ ጀመረ፣ ዚንኩ ወጥቶ መዳቡ ብቻ እንደ ቀረ ያሳያል። ሦስተኛ፣ የሳህኑ ጠርዝ ከመፈግፈግ የተነሣ ጥቂት ተበልቷል፤ ምላጩ ከፊት ጋር የሚገናኝበት አኳኋን የሚወሰነው በዚህ ጠርዝ ስለ ሆነ፣ ጥቂት መሆኑ ብቻ ሊያጽናና አይችልም።

ከሥራው ጉድለት የሚከብደው ግን ከዕቃው የጠፋው ነገር ነው። በፎቶግራፉ ላይ እንደሚታየው ኒኬሉ በሁሉም ስፍራ እኩል አልሳሳም ነበር። በእጀታው ታችኛ ጫፍ፣ ምላጭ ለመለወጥ በየጊዜው በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ ናሱ ቀለበት ሠርቶ ብቅ ብሎ ነበር። በእጀታው ወገብ ላይም አውራ ጣት የሚያርፍበት አንድ ሞላላ ስፍራ ነበር፤ የቀረው ክፍል ነጭ እንደ ሆነ ነው። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ሰው ይህን ዕቃ ምን ያህል ዘመን፣ በምን አያያዝ እንደ ተጠቀመበት ያስረዱ ነበር። አዛውንቱ ማስታወሻ ጽፈው አልተዉም፤ ወደ ዘመቻው የሄዱት ብዙዎቹ ወታደሮችም አልጻፉም። በኒኬሉ ላይ የታተመው የአውራ ጣት ፈለግ እርሳቸው ሳያስቡት በየማለዳው የጻፉት ጽሕፈት ነበር። አሁን መላው እጀታ አንድ ዓይነት ሆኗልና የማን እጅ እንደ ያዘው አይታወቅም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በብዙዎቹ የጂሌት የአሜሪካ መላጫዎች ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቍጥር ይቀረጹ ነበር፤ ፊደሉ የተሠራበትን ዓመት፣ ቍጥሩም ሩብ ዓመቱን ያመለክታል። የቁስቋሙ መላጫ እንዲህ ያለ ምልክት ነበረው ወይስ አልነበረውም? ምልክቱ ሊገኝ የሚችልበት የሳህኑ ሥር እንደ ሌላው ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ለስልሷል፤ ፎቶግራፉም የተነሣው ከላይ ብቻ ነው። ወጣቱ በዚያ ስፍራ «ጭረት የሚመስል ነገር» ማየቱን ያስታውሳል። ያ ጭረት ፊደል ከነበረ፣ የአያቱን ቃል የሚያጸና ወይም የሚያርም ብቸኛው የጽሑፍ ማስረጃ ጠፍቷል ማለት ነው። ቤተሰቡ ስለ ኮሪያ የሚናገረው ከእንግዲህ ወዲህ ሊመሰከርለትም ሊመሰከርበትም አይችልም፤ በመታመን ብቻ ይኖራል። ለቤተሰቡ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን አይበቃም።

ምናልባት በብረት ገጽ ላይ ያለን ጥቃቅን ምልክት እንዲህ ማክበር የምሁራን ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የአገሩ ታሪክ ግን የዚህን ተቃራኒ ይናገራል። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የተባለው ገንዘብ በኢትዮጵያ ገበያ በሚሠራበት ዘመን፣ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየትም ቢታተም፣ በቪየናም ይሁን በሮም ወይም በለንደን፣ ዓመቱ ምንጊዜም 1780 ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከዚህም ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። በላዩ የተጻፈው ዓመት ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ፣ ማንበብ የማይችለው ነጋዴና ገበሬ ሌላ ነገር ያነብ ነበር፤ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጥቦችና በትከሻዋ ላይ ያለውን ፈርጥ በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር። ነጥቦቹ የተፋቁበትን ብር አልቀበልም ማለት የተለመደ ነበር። በዚያ ገበያ የተፋቀ ብር ብሩ ባይጐድልም እምነቱ ጐድሏል። የብረትን ገጽ እንደ መጽሐፍ ማንበብ ከውጭ የመጣ ትምህርት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የመስቀሉም ነገር እንዲሁ ነው። ካህኑ በእጁ የሚይዘው የተለበጠ መስቀል ምእመናን በየቀኑ ስለሚሳለሙት፣ ከንፈርና ግንባር በሚነካው ስፍራ ልብጡ እየሳሳ ይሄዳል። ይህን መሳሳት እንደ ነውር የሚቈጥረው የለም፤ የቀረውን ልብጥ ገፍፎ መስቀሉን አንድ ዓይነት ለማድረግ የሚነሣም ቢኖር ምእመናኑ ይደነግጣሉ። ለመላጫ የመስቀል ክብር ይገባዋል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን በመስቀሉ ላይ የሚታወቀው ነገር፣ ማለትም ከመነካት የመጣ መሳሳት ከጉዳት የተለየ መሆኑ፣ በትንሹም ዕቃ ላይ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ለወጣቱ የሚነገረው መከራከሪያ ቀላል ስላልሆነ በሚገባ ሊሰማ ይገባዋል። መላጫ የሚሠራበት ዕቃ ነው እንጂ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ አልተሠራም። ኒኬሉ በተላጠበት ጠርዝ ላይ የሚቀረው ስንጥር ቆዳን ይቧጭራል፤ ኒኬል ሲነካቸው ቆዳቸው የሚያሳክካቸውና የሚቈስልባቸውም ሰዎች አሉ። በሣጥን ተቀብሮ ሲዝግ የኖረውን ዕቃ አውጥቶ፣ ጊዜውንና ጕልበቱን ሰጥቶ፣ ዛሬ በየማለዳው አያቱ በቆሙበት አኳኋን ቆሞ የሚላጭበት ወጣት፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ ዕቃውን «ጠበቅን» ከሚሉት ዘመዶቹ ይልቅ አያቱን አክብሯል ቢባል ምን መልስ ይሰጣል? ሌላም አለ። በዚህ አገር በብረትና በእሳት የሚሠራ ሰው ለረጅም ዘመን በቡዳነት ሲታማ፣ ቀጥቃጭ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሞያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስለዚህ ነው። የተማረ የከተማ ልጅ በትርፍ ጊዜው ናስ ሲፈገፍግ መታየቱን እንደ ውርደት አለመቍጠሩ፣ እንዲያውም መመካቱ፣ መልካም ለውጥ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዕቃውን መልሶ ለሥራ ማዋሉም የሚመሰገን ነው። ሒሱ የሚያርፈው ወጣቱና እርሱን የመሰሉ ሁሉ ለሥራቸው በሚሰጡት ምክንያት ላይ ነው። «ልብጡን ገፍፈን የዕቃውን እውነተኛ መልክ አወጣን» ይላሉ። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። የናሱ ገጽ ማንም ሰው እንዲያየው ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ፋብሪካው ናሱን የመረጠው ስለሚቀረጽለትና ልብጥን በደንብ ስለሚይዝ ነው። ልብጡ ከዕቃው ላይ የተጨመረ ማታለያ ሳይሆን ከዕቃው አካል አንዱ ነው፤ ያለ እርሱ መላጫው ያልተፈጸመ ሥራ ነው። ዕርቃኑን የቀረው ናስም በዚያው መልኩ አይቈይም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠቍራል፣ እንደ ገና ይፈገፈጋል፤ በየፍግፈጋውም ጥቂት ጥቂት እየተበላ ይሄዳል። እንግዲህ ዛሬ በቁስቋም የሚታየው የሚያብረቀርቅ መላጫ የ1943 ዓ.ም. መላጫ «እውነተኛ መልክ» አይደለም፤ ከዚህ በፊት በማንኛውም ዘመን ያልነበረ አዲስ መልክ ነው። አዲስ መልክ መስጠት በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ አዲሱን የጥንቱ ነው ማለት ግን ለበጣ ነው። ስለዚህ ልብጡን ለበጣ ነህ ብሎ የገፈፈው እጅ ሳያውቀው ለበጣውን ራሱ ሠርቶታል።

የቤት ውስጥ ግፈፋ ከዕቃው አልፎ የሚነካው ነገርም አለ። ኒኬሉ ከዕቃው ሲለቅ አይጠፋም፤ በአረንጓዴው ፈሳሽ ውስጥ አለ። የአሲዱ ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ የኒኬል ውሁዶችም በትንፋሽ ሲገቡ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች የሚቈጠሩ ናቸው። በኋላ ዘመን የተሠሩና በክሮም የተለበጡ ዕቃዎች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ክሮም በኤሌክትሪክ ሲገፈፍ መርዛምና ካንሰር አምጪ የሆነውን የክሮሚየም ዓይነት ሊያስገኝ ይችላል። ከናስ ፋንታ ከርካሽ የዚንክ ቅልቅል የተሠራ መላጫም በአሲድ ውስጥ ልብጡን ብቻ ሳይሆን አካሉንም ይዞ ይሟሟል። ቁስቋም ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር ስለ ሆነ በግቢ የተደፋ ፈሳሽ በቦዩ ቍልቍል ይሄዳል። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ በአቃቂ ውሃ በከተማው ዳር አትክልት ይለማበታል፤ አዋሽም ወደ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚቀር ወንዝ ነው። አንድ ብርጭቆ አሲድ ወንዝ አይመርዝ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ልማድ የሚመዘነው በአንድ ሰው ሲሠራ ሳይሆን በብዙ ሰው ሲሠራ ነው።

ከዚህ የተነሣ በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም እድፍ፣ መሳሳትና ሕመም ናቸው። እድፍ የሳሙና ቅሪት፣ ቅባትና አቧራ ነው፤ በሞቀ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል፤ ቢለቅም ከታሪኩ የሚጐድል ነገር የለም። እዚህ ላይ አመድና ሎሚ እንኳ ይበዛሉ፤ ለድስትና ለብረት ሳህን የሚስማማው ፍግፈጋ ከፀጉር የቀጠነን ልብጥ ያነሣል። መሳሳት ከመያዝና ከመጠቀም የመጣ ነው፤ እርሱን መተው ይገባል። ሕመም ግን እየሰፋ የሚሄድ ዝገት፣ ቆዳ የሚቈርጥ ስንጥር ነው፤ ይህን ማቆም የግድ ነው። ሕመሙ ጸንቶ ዕቃው ለሥራ ሊውል የማይችል ከሆነ፣ ፈሳሹን የሚይዝበትና የሚያስወግድበት ዘዴ ወዳለው የልብጥ ባለሞያ ወስዶ እንደ ገና ማስለበጥ ከቤት ውስጥ ግፈፋ ይመረጣል፤ ለባጩ ዕቃውን ወደ ታሰበለት መልክ ይመልሰዋል፣ ገፋፊው ግን ወዳልታሰበለት መልክ ይወስደዋል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ዕቃው በሁሉም ጎኑ፣ በተለይም በሥሩ፣ ፎቶግራፍ ሊነሣ፣ በላዩ ያለው ፊደልና ቍጥር ሊገለበጥ፣ ባለቤቱም በሕይወት ካሉ ከየት እንዳገኙት ቃላቸው ሊጻፍ ይገባል። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም፤ ከተፈጸመ በኋላ ባለቤቱ የወደደውን ቢያደርግ እንኳ የጠፋው ነገር ይቀንሳል።

ከቁስቋም ወደ ስድስት ኪሎ ቍልቍል ሲወረድ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ቤቱ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የሙዚየሙ ክምችት የተጀመረው ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ከመመሥረቱ በፊት፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን ሲሆን፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ ከመስቀሉና ከሥዕሉ ጋር የሕዝቡን የዕለት ተዕለት መሣሪያ ለመሰብሰብ ብዙ ደክመዋል። እንዲህ ያለ ክምችት ዋጋ የሚያገኘው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተቀበለው ምልክት ሳይጠፋ ሲቀር ነው፤ ማረሻው የገበሬውን፣ መወርወሪያው የሸማኔውን፣ ማሲንቆው የአዝማሪውን እጅ ሲያሳይ ነው። ከእነዚህ መካከል የጺም መላጫ ስፍራ የለውም ብሎ ማሰብ አይገባም። የአንድ ትውልድ ወንዶች ፊታቸውን ለዓለም እንዴት እንዳሳዩ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ የሚናገረው እርሱ ነው።

የቁስቋሙ መላጫ አሁንም በሥራ ላይ ነው። ወጣቱ በየማለዳው ይላጭበታል፤ ናሱም በእርጥበቱ ምክንያት ከአውራ ጣቱ በታች መጠቈር ጀምሯል። በዓል በቀረበ ቍጥር እየወለወለ የሚያጠፋው ይህ ጥቍረት የእርሱ የራሱ እጅ የሚጽፈው ምልክት ነው። የአያቱን ፈለግ መመለስ አይቻልም፤ የራሱን ቢተወው ግን፣ ከብዙ ዘመን በኋላ መላጫውን ከሣጥን ለሚያወጣው ሰው የሚነበብ ነገር ይቀርለታል።